ለቅሶ ሳንደርስ አንሄድም

በእስራኤሏ ሀደራ ከተማ፣ ከኢትዮጵያ ለመጡ ቤተ እስራኤል አረጋውያን የመጀመሪያውን የአማርኛ ሲዩር፣ ያው የእግር ጉብኝቱን፣ የመራሁት እኔ ነኝ። አለቃዬ ሩት፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፣ ገና ሳንነሳ "ሽማግሌዎች ናቸው፤ መንገድ ላይ ከተበተኑብሽ ሁለተኛ ሲዩር የለም" ብላኝ ከኋላ ትከተላለች።

የድሮው የድንጋይ ግቢ ስንደርስ በኩራት ጀመርኩ። "ከተማዋን የቆረቆሩት ሰዎች መጀመሪያ የኖሩት እዚህ ነው። ዙሪያው ረግረግ ስለነበር ብዙዎቹን ወባ ፈጃቸው።" ይህን እንዳልኩ የጎብኚዎቹ ታላቅ አባ ታከለ ከዘራቸውን ግድግዳ አስደግፈው መሬት ቁጭ! ሌሎቹም ተከተሏቸው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

"ደከማቸው፤ በቃ አለቀ" አለች ሩት በዕብራይስጥ። እኔም ጎንበስ ብዬ "አባ፣ ገና ብዙ የምናየው አለ፤ ይነሱ እንጂ" ብላቸው፣ ተቆጡኝ።

"ለቅሶ ቤት አምጥተሽን ሳንቀመጥ እንሂድ? እኛም ወደዚህ ስንመጣ ሱዳን ላይ በወባ የቀበርናቸው አሉን። ይልቅ ከሟቾቹ ዘመድ የቀረ የለም?"

ለሩት ተረጎምኩላት። እሷም "የአያቴ አባት እዚህ ነው የሞተው" አለች። ይህን በአማርኛ ስነግራቸው አባ ታከለ ተነስተው እጇን ያዙና "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አሏት። ሁሉም በየተራ አጽናኗት። አለቃዬ አለቀሰች።

ከዚያማ ማን ይቻለን! ምኩራቡን አየን፣ የውሃ ማማውን አየን፣ ረግረጉን ለማድረቅ እስከተተከሉት ባሕር ዛፎች ድረስ አንድ ሰው ሳይጎድል ዞርን። ስንለያይ ሩት ራሷ "ሁለተኛው መቼ ይሁን?" ብላ ጠየቀች። እኔ አፌን ሳልከፍት አባ ታከለ ቀደሙኝ።

"ለቅሶውን ደርሰናል፤ እንግዲህ ለተዝካሩ ጥሪን።"