የጋሼ ጥሩነህ የቁም እድር

አንባቢዬ፣ ስለ ኢንሹራንስ ላወራህ ነውና ከወዲሁ እንዳታንቀላፋ አደራ!

በዘጠናዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ወዳጃችን አምሐ ኦክላንድ ሆስፒታል ተኝቶ ልጠይቀው ሄድኩ። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ጋሼ ጥሩነህንና ባለቤታቸውን ወይዘሮ የወርቅውሃን አገኘኋቸው። ጋሼ የእድራችን ሊቀመንበር ሲሆኑ በቅርቡ ጡረታ ወጥተዋል። ወዲያው የእህታቸው ልጅ ሐሴት ከሳን ሆዜ ደረሰች። ክሊኒክ ውስጥ የቢል ሠራተኛ ናት።

ጉልበታቸውን ስማ ሳትጨርስ፣ «ጋሼ፣ ሰፕልመንቱን አፕላይ አደረጉ?» አለች።

«የምን ሰፕልመንት? የአሜሪካ መንግሥት ለጡረተኛ የሚሰጠው የሕክምና መድን፣ ሜዲኬር አለኝ።»

«ሜዲኬር የዶክተሩን ቢል ጨርሶ አይከፍልም። የሚቀረውን የሚሸፍንልዎት ሰፕልመንቱ ነው።»

«ለሚቀረው እድር አለኝ!»

«እድር የሚደርሰው ሲሞቱ ነው።»

«ልጄ፣ ገና ላልመጣ በሽታ መክፈል ሟርት ነው። መጥራት ነው።»

«ለእድር በየወሩ ሲከፍሉ ሞትን እየጠሩ ነው?»

ሳቄን በሳል ሸፈንኩ። ጋሼ ገላመጡኝ። «ሳል ከሆነ ሐኪም ቤት ነህ፣ ታየው!» አሉኝ።

ከዚያም ወደ ሐሴት ዞረው፣ «ለመሆኑ ችኮላው ምንድን ነው? ስታመም እገባለሁ» አሏት።

«ያኔ አይቀበሉዎትማ! ፓርት ቢን፣ የሜዲኬሩን የዶክተር ክፍል፣ ከጀመሩ ስድስት ወር እስኪሞላ ድረስ ስኳር አለብዎት ብለው ሊመልሱዎት አይችሉም። ከዚያ በኋላ ግን ይችላሉ። የእርስዎ ደግሞ በዚህ ወር ያልቃል።»

«በታመመ ሰው ላይ በር የሚዘጋ ምን ዓይነት አረመኔ ነው?»

ወይዘሮ የወርቅውሃ፣ «አንተ ነሃ» አሉ።

«እኔ?»

«ጉዲና እናቱ ስታጣጥር እድር ልግባ ብሎ ሲመጣ ምን አልከው?»

ጋሼ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። ያሉትን ሁላችንም እናውቃለን። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብለው ነበር የመለሱት። በእውነቱ ደንቡ ክፉ አይደለም፤ ሁሉም ሲቸግረው ብቻ ቢገባ እድር አንድ ክረምት አይከርምም።

«ታዲያ» አሉ ጋሼ ተቆጥተው፣ «የቁም እድር ነው ብለሽ ለምን አልጀመርሽም? በይ፣ የትኛው ይሻላል?»

«ፕላኖቹ በፊደል ነው የሚጠሩት። አንዱን ፊደል ከየትኛውም ኩባንያ ቢገዙት ሽፋኑ ያው ነው፤ የሚለያየው ዋጋው ነው። መጀመሪያ የሚበቃዎትን ፊደል፣ ከዚያ ረከስ ያለውን ይምረጡ።»

«እኔ ሊቀመንበር ነኝ፤ የመጀመሪያውን፣ ኤ የሚባለውን ስጪኝ።»

«ኤ ትንሹ ነው ጋሼ።»

«ፈረንጅ ሁሉ ነገሩ የተገላቢጦሽ!» አሉ።

ያም ሆኖ በማግስቱ ሳን ሆዜ፣ ሐሴት ቤት፣ ሽፋኑ ደህና የሆነውን መርጠው ፈረሙ። ካርዱ ሲደርሳቸውም ሁላችንንም ጠርታ ምሳ ጋበዘችን። ከምሳ በኋላ ጋሼ ቀስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ።

«እንግዲህ ይህን እግር የሚያይ ሐኪም ፈልጊልኝ። ከደነዘዘ ሰነበተ።»

ወይዘሮ የወርቅውሃ ክው አሉ። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ከነገርኩሽ ሐኪም ቤት ትወስጅኛለሽ። ቢሉን ፈራሁ።»

እኛ ያን ቀን በሟርቱ ወሬ ስንስቅ፣ ሰውየው ለካ በፍርሃት ኖረዋል። አፈርኩ። ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ በስኳሩ ሳቢያ እግራቸው ይቆረጥ እንደነበር ሐኪሙ ነገራቸው፤ ዛሬ ግን በሁለት እግራቸው ቤተ ክርስቲያን ይቆማሉ።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ ጡረታ የደረሰ ዘመድ ካለህ ጊዜው ሳያልፍ ምከረው። የሰፕልመንት ጥቅሙ ቢል መክፈሉ ብቻ አይደለም፤ ሰው ያመመውን ለሚስቱ እንዲናገር ማድረጉም ነው።