የአባባ ቀይ ክሮች

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርኩም፤ አፍሬ ነው። አባባ የቀጨኔ ሸማኔ ናቸው። ካንሰር ይዟቸዋል፤ መርሳትም ጀምሯቸዋል። «አባባ ሁሉን ይረሳሉ» እያልኩ ለወንድሞቼ የማማርረው እኔ፣ አንድ ዓርብ ኪኒናቸውን ሰጥቻቸው እንደሆነ ጠፋኝ! ሐኪሙ በቀን ከአንድ እንዳያልፍ አስጠንቅቆኛል።

«አባባ፣ ዛሬ ውጠዋል?» አልኩ፣ ኪኒኑን ይዤ።

«የምረሳው እኔ አይደለሁ እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። «ሸማውን ጠይቂው። በዋጥኩ ቁጥር ወዲያው አንድ ቀይ ክር አስገባለሁ።»

ሰኞ በጀመሩት ነጭ ነጠላ ላይ ቀያዮቹን መስመሮች ቆጠርኩ። አምስት! ውጠዋል! እልል ማለት ነው የቀረኝ፤ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

በማግስቱ ጠዋት ከኪኒኑ ጋር ቀዩን ክር ራሴ አቀበልኳቸውና፣ ስድስተኛው መስመር እስኪሸመን ከአጠገባቸው አልተነሣሁም።