ጋሼ እርሳስ የሣላቸው ፊቶች

የተከበራችሁ ቤተሰቦቹ፣ የተከበራችሁ ጎረቤቶች፣ መምህራን፣ የመጻሕፍት ዝግጅት ክፍል ባልደረቦቼ፤ ጋሼ እርሳስን ልትቀብሩ በዚህ ፀሐይ ቆማችሁ ስለምትሰሙኝ እግዜር ይስጥልኝ። አሳጥረው ተብያለሁ። ያሉኝ ባለቤቱ ናቸው፤ ስለዚህ ፈርቼ ነው የምናገረው።

ለማታውቁኝ፣ እኔ ከጋሼ እርሳስ ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ የሠራሁ አርታኢ ነኝ። እሱ የታሪክ መማሪያውን ሥዕል ይሥላል፤ እኔ ከሥዕሉ ሥር ያለችውን አንዲት መስመር እጽፋለሁ። ጋሼ እርሳስ ያልነው እርሳስ ከጆሮው ስለማይለይ ነው። የሠርጉን ፎቶ እዩት። ሙሽራው ሱፍ ለብሷል፣ አበባ ይዟል፣ እርሳሷም ጆሮው ላይ አለች።

እስቲ ልጠይቃችሁ። እዚህ ከቆማችሁት ውስጥ በእሱ ሥዕል ታሪክ ያልተማረ ማን አለ? ማን አለ? ንጉሥ ሲባል ዓይናችሁ ላይ የሚመጣው ማን ነው? ዛሬ እውነቱን ላውጣው። ያ ንጉሥ የሰፈራችን ሥጋ ሻጭ ነው! ይኸው እዚያ ቆሟል። አትደበቅ ወንድሜ፣ ግርማ ሞገስህ ያጋልጥሃል።

የጥንት ነገሥታት ፎቶ የላቸውም። ታዲያ ምን ያድርግ? ከሰፈር ፊት ይለቅማል። ንግሥቲቱ ባለቤቱ ናቸው። «አፍንጫዬን አስረዘምከው» ብለው ሳምንት ሙሉ አኮረፉት። እሱ ምን ቢላቸው ጥሩ ነው? «የኔ እመቤት፣ ዘውድ ሲከብድ ፊት ወደ ታች ይሳባል።» ኩርፊያው ሌላ ሳምንት ተጨመረበት።

እኔስ? አንድ ቀን «ነገ ትንሽ ቁጭ በልልኝ፣ ልሥልህ» አለኝ። ጀግና ልሆን ነው ብዬ ጢሜን ተስተካክዬ፣ ከረባት አስሬ መጣሁ። መጽሐፉ ታተመ። ገጽ አርባ ሁለትን ገለጥኩ። የምሽጉን በር ለጠላት የሚከፍተው ከሃዲ እኔ ነኝ! ጣቴ ሳትቀር የኔ ናት። ከሥሩ ደግሞ «ከሃዲው» ብዬ ሥዕሉን ሳላይ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ልጄ ከትምህርት ቤት እያለቀሰች መጣች። «አባዬ፣ ለምን ከፈትክላቸው?»

ሄጄ ጮህኩበት። «አንተ ሰውዬ፣ ምን አድርጌህ ነው?»

«ምንም» አለኝ። «የሚታመን ፊት ነው ያለህ። የማይታመን ቢሆንማ በሩን ማን ያስጠብቀው ነበር?»

ስድብ ይሁን ምርቃት፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

የፈረስ እግር አይሆንለትም ነበር። ስለዚህ በታሪካችን ውስጥ ያሉት ፈረሶች በሙሉ ረጅም ሣር ውስጥ ቆመዋል። አንድ መምህር «ጦርነቱ የተካሄደው በረሃ ላይ ነው፤ ሣሩ ከየት መጣ?» ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። መልስ የምሰጠው እኔ ነበርኩ። «ያን ዓመት ዝናቡ ጥሩ ነበር» ብዬ ጻፍኩ።

ሳቁ፣ ሳቁ። እሱም ይህንኑ ነበር የሚወደው። ግን አንድ ቀን ያልሳቀበትን ልንገራችሁ።

አዲስ ኃላፊ መጣና ጠራን። «አያቴ አሁን በምትሥለው ጦርነት ላይ ነበሩ። ከመሪው ጎን ሣላቸው» አለው። ጋሼ እርሳስ መዝገብ ቤት ገብቶ ሳምንት ሙሉ ወረቀት ሲያገላብጥ ሰነበተ። አያትየው በዚያ ቀን የት ነበሩ? ሌላ ከተማ፣ ሠርግ ላይ! የማን ሠርግ? የራሳቸው!

«ትሥላለህ አትሥልም?» አለው ኃላፊው።

«እሥላለሁ እንጂ ጌታዬ።» ሥሎ አመጣ። ከፊት ጦርነቱ። ከኮረብታው ማዶ፣ ጥግ ላይ፣ አያትየው ከሙሽሪት ጋር። «ይኸው፣ በትክክለኛው ቀን፣ በትክክለኛው ቦታ።»

እኔ ሳቄን በሳል ሸፈንኩ። እሱ ግን አልሳቀም። የሦስት ልጆች አባት ነው። በቅጣት ሁለት ዓመት ዕቃ ግምጃ ቤት ወርዶ ካርቶን ላይ ቁጥር ሲጽፍ ኖረ። ወርጄ ለመንኩት። «ምን አለበት፣ አንድ ሰው ቢጨመር?»

«ለእሳቸው ቦታ ለመስጠት እዚያ የቆመውን ማንሳት አለብኝ» አለኝ። «እሱስ የማን አያት ነው?»

 ኃላፊው ከሥልጣኑ ሲነሳ እሱ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። በመጽሐፉ ውስጥ ዛሬም አያትየው የሉም።

ባለፈው ወር ሆስፒታል ልጠይቀው ሄጄ ነበር። ነርሷ ካርዱን አየችና «የታሪክ መጽሐፉ ሠዓሊ እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለችው። አልጋው ላይ ቀና አለ። «ነኝ። የትኛውን ንጉሥ ወደድሽ?»

«ንጉሡንስ አላስታውሰውም» አለች። «ከሰልፉ መጨረሻ ውሃ የተሸከመች ሴት አለች። ቀሚሷን በቀይ ከለር ቀብቼላት በመምህሬ ተቀጣሁ።»

እርሳሷን ከጆሮው አወረዳት። 

«እናቴ ናት» አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለእኔ እንኳ አልነገረኝም። «አንድም ፎቶ የላትም። ቀይ ቀሚስም ኖሯት አያውቅም። ተባረኪ ልጄ።»

በል እንግዲህ ወንድሜ፣ እኛ ወደየቤታችን ልንበተን ነው። ነገ ጠዋት ደወል ይደወላል፤ ልጆቹም መጽሐፋቸውን ይገልጣሉ። አንተ አረፍ በል። ደህና ሁን።