ሳንቃውን ያጠለቁት መምህር

የተከበራችሁ የሊንጊ ቤተሰብ፣ በዚህ ዝናብ ከአኒኒ ድረስ የወረዳችሁ ሽማግሌዎች፣ እናቶቼ፣ ተማሪዎቻችን፤ መምህር ኢታን ልትሸኙ መጥታችኋልና እግራችሁ ይባረክ። ነፍሳቸውን መንገድ የሚያሳየው ካህናችን፣ ኢጉው፣ ዜማውን ከመጀመሩ በፊት ጥቂት እንድናገር ፈቅዶልኛል።

እኔ ኤሊካ ነኝ። ብዙዎቻችሁ ከመምህር ጋር ቴፕ ተሸክሜ ከመንደር መንደር ስዞር ታውቁኛላችሁ። ከዚያ በፊት ግን ተማሪያቸው ነበርኩ። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ክፍል ውስጥ ለጓደኛዬ በቋንቋችን "ውኃ ጠማኝ" ስል ሰሙኝ። አንገቴ ላይ ሳንቃ አንጠለጠሉ። "በዱር ቋንቋ ተናግሬያለሁ" ይላል ጽሑፉ፣ በትምህርት ቤቱ ቋንቋ በሂንዲ። እንደዚያው ሆኜ ቤቴ ገባሁ። እናቴ ሳንቃውን አወለቀችና አልመልስም ብላ አስቀረችው።

ይህን የምናገረው ላዋርዳቸው አይደለም። እሳቸው ራሳቸው "ስሞት ተናገሪው፣ እንዳትደብቂ" ብለውኛል።

ታዲያ ምን ለወጣቸው? እናታቸው ታመሙ። መምህር በሰባት ዓመታቸው ወደ ሜዳው አገር አዳሪ ትምህርት ቤት ተልከው ነው ያደጉት። እናታቸው በመጨረሻዋ ቀን እጃቸውን ይዘው በቋንቋችን ብዙ ነገር ነገሯቸው። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። መምህር ግማሹ አልገባቸውም። "ምን አልሽኝ?" ቢሉ፣ እናት ጉልበታቸው አልቆ ነበር። ልጅ ሆኖ የእናቱ ኑዛዜ ያልገባው ሰው ምን ይሆናል?

መምህር ቃል ፍለጋ ወጡ። ደብተር ያዙ፣ ቴፕ ተዋሱ። መጀመሪያ የሄዱት የት መሰላችሁ? እኛ ቤት! አንጂ የምትባለው እናቴ የድሮውን ወሬ፣ የአደኑን ቃል፣ የቅጠሉን ስም ሁሉ ታውቅ ነበርና። በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው።

"የልጄን አንገት ሳንቃ ያሸከምከው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ፣ እማማ።"

"አሁን ምን ልትለቅም መጣህ?"

"ቃል።"

"የዱሩን ቃል? ፀጉርህን ተቀብተህ፣ ጫማህን ወልውለህ፣ የዱር ቃል?"

እናቴ ገባችና ሳንቃውን ይዛ ወጣች። "በል አጥልቅ!" አጠለቁ። መንደሩ ሁሉ እያያቸው፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ እንጨት ፈለጡላት። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ አያለሁ። ልስቅ ነበር፤ እንባዬ ቀደመኝ።

ኋላ እናቴ ራሷ ሳንቃውን አውልቃ እሳቱ ውስጥ ከተተችው። "ግባ፣ ሩዝ ብላ። በኛ ቋንቋ ካልጠየቅከኝ ግን አልጨምርልህም!" አለቻቸው። ሃያ ቀን ተቀመጡ። አርባ ካሴት ሞሉ።

እናቴ ካረፈች ከዓመት በኋላ መምህር አንዱን ካሴት ከፈቱልኝ። ስታስል ሰማሁ። ዶሮ ስታባርር ሰማሁ። ድንገት "ኤሊካ፣ ማገዶ አምጪ!" አለች። የልጆች እናት ሆኜ፣ ብድግ ብዬ ቆምኩ! መምህር ቴፑን ዘጉ። "ታድለሽ" አሉኝ፤ "የኔዋ አንዲት ካሴት እንኳ ቢኖራት።"

ሠላሳ ዓመት አብረን ወንዝ ተሻገርን። አሁን ከማን ጋር ልሻገር? በአንዲት ቃል ከማን ጋር ልከራከር? ስንት ገደል ወጥተን የደረስንበት ሽማግሌ ትናንት ተቀብሮ ስናገኝ፣ ከማን ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ላልቅስ?

መምህር፣ ትናንት ሰዎች መቃብርዎን ሲቆፍሩ፣ ታች ሜዳው ላይ ልጆች በኳስ ተጣሉ። በቋንቋችን ተሰዳደቡ። አንዷ የተሳደበችበትን ቃል አላውቀውም! በደብተርዎ ውስጥም የለም። ራሳቸው የፈጠሩት፣ ትኩስ ቃል ነው። ልነግርዎ እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። ሰው ከብቦዎታል። ለካ የሉም።

ቢሆንም ጎንበስ ብዬ በጆሮዎ ነገርኩዎት። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ "እስኪ ድገሚልኝ" አላሉኝም።

ደህና ይሁኑ፣ መምህሬ።