የጋሽ ሰይድ ረዳቶች

ሰርግ ላይ ሙዚቃ የማጫውትበትን ሚክሰር የገዛሁት ሌክ ስትሪት ካለ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ነው። ሴዳር ሪቨርሳይድ ባለችው ክፍሌ የኤኮውን ማዞሪያ ሳዞር ከርሜ፣ የዘፈን መጨረሻ ቃል እየደጋገመ ቀስ ብሎ እንዲጠፋ ማድረግ ለመድኩ። ማይክራፎኑም በዚያው ኤኮ እንደሚያልፍ ግን አላወቅኩም ነበር።

ያወቅኩት ብሩክሊን ፓርክ፣ በጓደኛዬ በከድር ሰርግ ላይ ነው። የሙሽሮቹ ወላጆች አገር ቤት ናቸው። እኛ ደግሞ ሁላችንም ወጣቶች፤ የሚመርቅ ሽማግሌ ቢፈለግ ያለን ወሎዬው ጋሽ ሰይድ ብቻ። ማይኩን ይዘው «ውለዱ፣ ክበዱ» አሉ። አሚን አልን። ስፒከሩ «ክበዱ... ክበዱ... ክበዱ» አለ። ሰዉም ለእያንዳንዱ አሚን ማለት ጀመረ። ሙሽራዋ አንገቷን ደፍታ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ትሳቅ ታልቅስ አልለየሁም። ከድር አፈጠጠብኝ። ምርቃታቸውን ያበላሸሁባቸው መሰለኝና በድንጋጤ ማዞሪያው ራሱ ጠፋኝ።

«ማነው ከኋላዬ የሚደግመው?» አሉ ጋሽ ሰይድ።

«ማሽኑ ነው ጋሼ፤ አሁን አጠፋዋለሁ።»

«ለምን ታጠፋዋለህ? የሷም አባት የለ፣ የሱም አባት የለ። እኔ ብቻዬን ነኝ፤ ተዋቸው ያግዙኝ።»

ከዚያ አንድ ቃል እያሉ፣ ድምፁ ደጋግሞ እስኪያልቅ እየጠበቁ፣ ረጋ ብለው መረቁ።

ከዚያ ወዲህ ሰርግ በመጣ ቁጥር፣ ሳይቀመጡ ወደኔ መጥተው «ረዳቶቼ መጥተዋል?» ይሉኝ ነበር። ዛሬ በየሰርጉ የሽማግሌዎች ጠረጴዛ ሙሉ ነው። ስለ ረዳቶቹ ግን ማንም አይጠይቀኝም።