አቤት ያለው ቤት

በእኛ ጊዜ ሰው አገር ለማየት ብሎ ከቤቱ አይወጣም ነበር። የሚወጣው ወይ ለሥራ፣ ወይ ለሰርግ፣ ወይ ለለቅሶ ነው። እንዲያው ተራራ ላይ ያለ የሰው መንደር አይቶ፣ ፎቶ አንስቶ የሚመለስ ሰው ብናይ ኖሮ ምን ጠፍቶህ ነው ብለን እንጠይቀው ነበር። ታዲያ እኔ በስተርጅናዬ ያንን ሰው ሆንኩላችሁ። ግድግዳው ላይ ስላለው ፎቶ ጠየቃችሁኝ አይደል? ፈረንሳይ ነው። የመንደሩን ስም ልጄ ሐና ናት የምታውቀው፣ እኔ ምላሴ አይታዘዝልኝም። ቁጭ በሉ ልንገራችሁ፤ ፀጌ ምሳውን እስክታቀርብ ያልቃል።

ነገሩ የሚጀምረው ከዚሁ ከአትላንታ ነው። የፀጌ ታላቅ እህት አዲስ አበባ አረፈች። ብቻዋን ነው የሞተችው፤ ሠራተኛዋ ገበያ ውላ ስትመለስ ነው ያገኘቻት። ፀጌ መርዶውን ስትሰማ ቀብሩ አልፏል። እና አላለቀሰችም። ብታለቅስ ጥሩ ነበር፣ ለቅሶ የመጡት ሰዎችም ሊያስለቅሷት ሞከሩ፣ እሷ ግን ዝም አለች። ከተጋባን ጀምሮ “ፀጌ” ስላት “አቤት” የምትል ሴት፣ ከዚያ ወዲህ ስጠራት ትመጣለች እንጂ አቤት አትልም። ትመጣና ከኋላዬ ትቆማለች። እናንተ ይሄ ቀላል ነገር ይመስላችኋል። ቤታችሁ ውስጥ ተጣርታችሁ፣ መልስ ሳትሰሙ ዞር ስትሉ ሰው ቆሞ ስታገኙ ምን እንደሚሰማችሁ እስኪ ሞክሩት።

ታዲያ ሐና፣ መሃል ከተማ ሚድታውን ቢሮ የምትሠራዋ፣ ኮሌጅ ፈረንሳይኛ ተምራለች፣ “ዳዲ፣ ማሚ ቼንጅ ያስፈልጋታል፣ ቫኬሽን እንሂድ” አለችኝ። ሱቄን ለማን ትቼ? እኔ ኢስት ፖይንት ኤርፖርቱ አጠገብ የሰው መኪና ፓርክ እያደረግሁ ነው የጀመርኩት፤ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ሱቅ ከከፈትኩ ወዲህ በሩን የዘጋሁት ለቀብር ብቻ ነው። ይህንኑ ነገርኳት። “ታዲያ ሰው እስኪሞት ትጠብቃለህ?” አለችኝ። ሱቁን ዘጋሁና ሄድን።

መኪና ተከራይተን በየኮረብታው አዞረችን። አገሩ እንዲህ ነው፤ ሜዳው ባዶ ሆኖ ቤቱ ሁሉ ተራራው አናት ላይ ይወጣና እርስ በርሱ ይተቃቀፋል፣ ሁሉም ድንጋይ፣ ጣሪያውም ድንጋይ። የመጀመሪያዎቹ መንደሮች ሰው ነበረባቸው፣ አይስክሬም የሚሸጥባቸው ናቸው። ይሄ ፎቶው ላይ ያለው ግን ሌላ ነው። መኪናውን ከታች አቆምንና በእግር ወጣን። ቀትር ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ እና አንድም ሰው የለም። ውሻ እንኳ አይጮህም። በየደጁ ያለው አበባ ግን ውሃ ጠጥቷል፣ አፈሩ ገና እርጥብ ነው። መስኮቱ ሁሉ በእንጨት መዝጊያ ተከርችሟል። ሐና “ምሳ በልተው ተኝተው ነው” አለች። እኔ እንጃ። የተኛ ሰው ያለበት ቤት እና ባዶ ቤት ድምፁ አንድ አይደለም።

እኔ ደግሞ ታውቁኛላችሁ፣ ሳልቆጥር ማየት አልችልም፤ የሱቅ አመል ነው። በአንዳንዱ በር ላይ የጨርቅ ከረጢት ተንጠልጥሏል። ምንድን ነው ብላት፣ ጠዋት የዳቦ መኪና ከታች ከተማ ይመጣና እዚያ ውስጥ ዳቦ ጥሎ ያልፋል አለችኝ። እንግዲያው ከረጢት ያለበት በር ሰው አለበት ማለት ነው። ያን ሁሉ ቤት አይቼ ሰባት ከረጢት ቆጠርኩ። ስድስቱ ባዶ ናቸው፣ ዳቦው ተወስዷል። ሰባተኛው ሰማያዊ በር ላይ ነው፤ ሦስት ረጃጅም ዳቦ ታጭቆበት ጫፋቸው ወጥቷል። ይሄ ሰውዬ ዳቦ አይወድም ብዬ አለፍኩ። ፀጌ ግን ቆማ አየችው። ቆማ ቀረች። ክንዷን ይዤ ነው ያንቀሳቀስኳት።

አደባባይ የምትባል ትንሽ ቦታ ላይ ውሃ የሚፈስበት ገንዳ እና የድንጋይ መቀመጫ አለ። ፀጌ ጉልበቷን አመማት፣ እዚያ ተቀመጠች፣ እኔና ሐና ከላይ ያለውን ቤተ ክርስቲያን አይተን ልንመለስ ሄድን። ብዙም አልቆየንም። ስንመለስ መቀመጫው ባዶ ነው። ስልኳ መቀመጫው ላይ አለ፣ እሷ የለችም። የስኳር መድኃኒቷ እኔ ኪስ ውስጥ ነው፣ ምሳ አልበላችም፣ ቋንቋ አታውቅም፣ እና ካዘነች ወዲህ ወዴት እንደምትሄድ አስባ የምትሄድ ሴት አልነበረችም። ከመንደሩ ጀርባ ደግሞ ገደል ነው።

ታዲያ አፌን በመዳፌ ከብቤ “ፀጌ!” ብዬ ተጣራሁ።

“አቤት” አለ።

ጮክ ብሎ አይደለም። ሌላ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው እንደሚለው፣ ቀስ ብሎ፣ ከግድግዳው ውስጥ። ስንት ጊዜ የናፈቅኳት ቃል ናት፣ ደስ ሊለኝ ሲገባ ፀጉሬ ቆመ። ሐናን አየኋት፣ እሷም ደርቃለች።

“ሰማሽ?” አልኳት።

“ድንጋዩ ነው ዳዲ፣ ድምፅ ይመልሳል።”

“ድንጋይ የሚመልሰው የሰጡትን ነው። እኔ ፀጌ ነው ያልኩት፣ አቤት መቼ አልኩ?”

እጄን ያዘች። ትንሽ ልጅ ሳለች ነው መጨረሻ እጄን የያዘችው።

ድምፁ ወደመጣበት በጠባቡ መንገድ ወረድን። ደግሜ ተጣራሁ። “አቤት” አለ፣ አሁን ደግሞ ከኋላችን፣ አሁን ካለፍነው ቤት። ተመለስን፣ ግድግዳ ነው። ሐና በር አንኳኳች፣ የሚከፍት የለም። ቀና ስል ግን አንድ የመስኮት መዝጊያ ጣት በምታህል ቀዳዳ ተከፍቶ ሲዘጋ አየሁ። ሰው አለ ማለት ነው፤ እያየን ነው። ሐና በፈረንሳይኛ ለመነች፣ “እናቴ ጠፍታብኝ ነው” አለች፣ ያው ዝም። ሦስተኛ ለመጣራት ፈራሁ። አዎ፣ የገዛ ሚስቴን ስም መጥራት ፈራሁ።

ያኔ ነው በሰማያዊው በር ስናልፍ ዓይኔ ከረጢቱ ላይ ያረፈው። ባዶ ነው። ሦስቱም ዳቦ የለም። ሰውዬው ወስዶት ይሆናል ልል እችል ነበር፣ ግን ያን ያህል ያጠራቀመ ሰው ዛሬ በዚህች ሰዓት ምን ትዝ አለው? በሩን ገፋሁት። አልተቆለፈም።

ውስጡ ጨለማ ነው፣ ውጪው እየተቃጠለ እዚያ ይበርዳል። ፀጌ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ፊት ለፊቷ አንድ ሽማግሌ ባለመደገፊያ ወንበር ላይ ናቸው፣ ፊታቸው ተሸፍኗል፣ የተሸፈኑበት የፀጌ ሻርፕ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሦስቱ ዳቦ ተደርድሯል፣ ለቅሶ ቤት ይዘን እንደምንገባው። ሰውየው ሞተዋል። ሞተው ሰንብተዋል።

“ፀጌ” አልኩ በቀስታ።

አቤት አላለችም። ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ አለቀሰች። ያን ሁሉ ወር የያዘችውን ለቅሶ እዚያ አወጣችው። የሽማግሌውን ስም ስለማታውቅ በእህቷ ስም እየጠራች አለቀሰችላቸው። እና ልጆች፣ ስሙኝ፣ እሷ ድምፅ አውጥታ ስታለቅስ ውጪ የመስኮት መዝጊያ ሲከፈት እሰማለሁ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። በሩ ላይ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች መጥተው ቆሙ። ማንም አይናገር፣ ማንም አይገባ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ዳቦ ብቻ ያያሉ።

ፖሊስ ተጠራ። ፖሊሱ ጨዋ ልጅ ነው፣ ግን ነገሩ አልገባውም፤ ሰው ሞቶ ካገኘች ለምን ወጥታ ሰው አልጠራችም፣ ለምን ተቀመጠች ይላል። ሐና ጠየቀቻት።

“ብቻቸውን ነበሩ” አለች ፀጌ። “ሬሳ ብቻውን ይተዋል እንዴ? ማን አጠገባቸው ይቁም?”

ሐና ይህንን ለመተርጎም ብዙ ተንተባተበች። ጨርሳ ስትናገር የፊት ለፊት ቤት አሮጊት አጎነበሱ። ዳቦው ሲከማች ሁላችንም አይተናል፣ ግን ከእሳቸው ጋር አንነጋገርም ነበር አሉ። ከዚያ ቤታቸው ሄደው የራሳቸውን ወንበር ይዘው መጡ፣ ከፀጌ ጎን አስቀምጠው ተቀመጡ። ሌላውም ወንበሩን ይዞ መጣ። መኪና መጥቶ ሬሳውን እስኪወስድ ስድስት ወንበር ሞላ። አንድ ቃል ሳይነጋገሩ፣ እንደ እኛው ለቅሶ ቤት።

እንግዲህ ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አውሮፕላን ላይ ሆነን ግን፣ ፀጌ መናገር ጀምራለች፣ ደስ ብሎኛል፣ እና “እንደዚያ ሆነሽ እንኳ አቤት ማለትሽ አዳነኝ” አልኳት።

“መቼ?” አለችኝ።

“ስጠራሽ ነዋ።”

“ስትጠራኝ ሰምቻለሁ” አለች። “እሳቸው ፊት ድምፅ ማውጣት ነውር መሰለኝና አፌን አልከፈትኩም።”

ሐናን አየኋት፣ ወደ መስኮቱ ዞረች። እስከ ዛሬ ስጠይቃት “ድንጋዩ ነው” ትለኛለች። ይሁን። እኔ ሁለት ጊዜ ሰምቻለሁ፣ የሰማሁትን አልቀንስም፣ አልጨምርም። ፀጌ ዛሬ ስጠራት እንደ ድሮዋ ትመልስልኛለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ብቻ አፏን ሳላይ አላምንም። ጋራዥ ሆኜ ጠርቻት አቤት ስትለኝ ወጥቼ አይቻት ነው የምመለሰው። ትስቅብኛለች። እናንተም ትስቃላችሁ። እስኪ ቆዩ።

“ፀጌ!”

“አቤት!”

ሰማችሁ? ከኩሽና ነው። ዳንኤል፣ አንተ ለበሩ ትቀርባለህ፣ እስኪ ተነስና እያት።

“ኧረ ጋሼ፣ ያስፈራሉ እኮ እርስዎ።”

ተነስ ስልህ። አለች?

“አሉ ጋሼ። ሰላጣ እየከተፉ ነው።”

አፏን አየህ?

“እየሳቁብዎት ነው።”

በቃ፣ እሷ ናት። ኑ እንብላ።