ጋሽ አምባውና የእግር ውሃ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ ወደ ሰፈር ስመለስ ጎረቤቴን ጋሽ አምባውን ሐዲዱ ማቋረጫ ላይ አገኘኋቸው። ጋሽ አምባው የሐዲድ ጠጋኞች ካቦ ናቸው። ሰላምታዬን በግማሽ ተቀብለው፣

«ሳህሌ፣ ደግ ጊዜ መጣህ። የሰማንያ ዋሴ አንተ ነህ። ነገ ሽማግሌ ሰብስብልኝ፤ ፈለቀችን ልፈታት ነው» አሉኝ። ፊታቸው ፍም መስሏል።

«ምን በደለችዎ?»

«ናቀችኝ።»

«ሰደበችዎ?»

«ብትሰድበኝማ መልስ አጣለሁ? ፋብሪካ ከገባች ወዲህ እግሬን ማጠብ ትታለች። ውሃውን ታሞቅና ሳፋውን ደጃፍ ላይ አስቀምጣ፣ ፊቷን አዙራ ትገባለች። ለውሻ እንደሚቀመጥ! የራሷ ደሞዝ ስላላት የኔ እግር ሸተታት።»

«ሸተተኝ ብላዎታለች?»

«መናገር አለባት እንዴ? ልቤ ነግሮኛል።»

ይህ ልብ የሚባለው በየሰፈራችን ስንቱን ትዳር ያፈረሰ ምስክር ነው። ሳይጠሩት ይመጣል፤ ሳይምል ይመሰክራል፤ መስቀለኛ ጥያቄም አይቀርብለትም።

«ጋሼ፣ አይቆጡኝና በሥራዎ ልጠይቅዎ» አልኳቸው። «ማለዳ በመዶሻ ሲመቱት ድምፁ የታፈነ ሐዲድ ቢያገኙ፣ ይኼ ሐዲድ ናቀኝ ይላሉ?»

«ቀልድህን ተው። ጎንበስ ብዬ ቡሎኑን አያለሁ።»

«ለብረት ጎንበስ ካሉ ለፈለቀች ምን ይከብዳል?»

ይኼኔ ዱላቸውን መሬት ላይ መቱት። «እኔን ታስተምረኛለህ? አባቴ እናቴን አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ ጠይቋት አያውቅም።»

«እናትዎስ ደስ ብሏቸው ኖሩ?»

«እሱን እኔም አልጠየቅኋትም» አሉ ቀስ ብለው፤ ወዲያው ግን እንደገና ነደዱ። «ታዲያ ቁጣዬን የት ላድርሰው? ልዋጠው?»

«አይዋጡት፤ የተዋጠ ቁጣ ሆድ ውስጥ ይሻግታል። ሐዲዱ በፀሐይ ሲለጠጥ ምን ያደርጉታል?»

«ምን አደርገዋለሁ፤ ይለጠጣል። ስንገጥመው ክፍተት ትተንለታል።»

«ለቁጣዎም ክፍተት ይተዉለት። ይምጣ፣ ይቀመጥ፤ ሲበርድ ይሄዳል። ግን ‹ተቆጥቻለሁ› እና ‹ንቃኛለች› አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የርስዎ ስሜት ነው፤ ማንም አይከለክልዎትም። ሁለተኛው በሰው ላይ የተበየነ ፍርድ ነው፤ ተከሳሿ ግን አልተጠየቀችም።»

«አንተ የተማርክበት ስድስተኛ ክፍል ይኼን ያስተምራል?»

«አያስተምርም። ሰባተኛ ላይ ይሆናል፤ አልደረስኩበትም።»

አልሳቁም። «ና እንግዲህ» አሉኝ። «እጠይቃታለሁ። ስትንቀኝ በዓይንህ አይተህ ነገ ለሽማግሌ ትመሰክራለህ።»

ቤታቸው ስንደርስ ሳፋው ደጃፍ ላይ ነበር፤ ውሃው ገና ይተናል። እመት ፈለቀች እጃቸውን በነጠላ ጠቅልለው ወደ ውስጥ ሊገቡ ሲሉ ጋሽ አምባው ሠራተኛ በሚጠሩበት ድምፅ፣

«ፈለቀች! እግሬን ማጠብ ለምን ተውሽ?» አሏቸው።

ሴትዮዋ ቆሙ። «ዛሬ ገና ጠየቁኝ?» አሉ። ነጠላውን ገፍፈው እጃቸውን ዘረጉት። ቀለም የበላው እጅ ነበር፤ ጣቶቹ መሐል ተሰነጣጥቆ ደም ቋጥሯል። «ክር ማቅለሚያው ክፍል ካዛወሩኝ ወዲህ እንዲህ ነኝ። ለእግርዎ የማሞቀው የጨው ውሃ ሲነካው እንደ እሳት ይፈጀኛል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሥራ የገባሁ ለት ምን አሉኝ? ‹ታመምኩ ያልሽ ቀን ፋብሪካው ያበቃል› አላሉም? ፊቴን የማዞረው እጄን እንዳያዩብኝ ነው። እርስዎ ግን ገበታ ላይ ጀርባዎን እየሰጡኝ፣ ጠሉኝ ብዬ አንጀቴ አርሮ ከረመ። ሊፈቱኝም እንደሆነ ከጎረቤት ነው የሰማሁት።»

እነሆ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ልቦች፣ ሁለት የሐሰት ምስክሮች።

ጋሽ አምባው አፋቸውን ከፈቱ። «ሥራውን ተይው» ሊሉ እንደነበር እኔም እሳቸውም እናውቃለን። መልሰው ዘጉት። ትንፋሻቸው ከሩቅ ይሰማል።

«አሁንም ተቆጥቻለሁ» አሉ በመጨረሻ።

«ይቆጡ» አሉ እመት ፈለቀች። «እኔም ተቆጥቻለሁ።»

ጋሽ አምባው ተቀመጡ፤ ጫማቸውን አወለቁና፣ ውሃውን እየረጩ፣ የገዛ እግራቸውን ራሳቸው አጠቡ። ሲጨርሱ ቀና ሳይሉ፣ «ሰኞ ሐኪም ዘንድ አብሬሽ እሄዳለሁ። ሌላ ክፍል እንዲያዛውሩሽም እንጠይቃለን። ሥራሽን የምትተዪው አንቺ ስትፈልጊ ነው» አሉ። ወደ እኔ ዞረውም፣ «ሽማግሌዎቹ ይቅሩ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ጭቅጭቅ ጠፋ ብዬ አልዋሽም፤ ግድግዳችን ቀጭን ነው፣ ይሰማኛል። ነገር ግን አንዱ «ተቆጥቻለሁ» ሲል ሌላው «ምን ሆነህ ነው፣ ምን ሆነሽ ነው?» ይላል፤ ነገሩም እዚያው ያልቃል። ሁለቱም እንቅልፍ አግኝተዋል። ገበታ ላይ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ሐዲድ ላይ ያሉት ሠራተኞች እንኳ ካቧቸው ስድብ መቀነሳቸውን ነግረውኛል። ስሜትን መቀበል መረታት አይደለም፤ ሳይጠይቁ መፍረድን መተው ነው። ባልና ሚስት ይህን ቢለምዱ ስንቱ ሽማግሌ እሑዱን በቤቱ ያርፍ ነበር።

ይህንኑ ምክር ለባለቤቴ ለአሰለፈች በሰፊው ተረክኩላት። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጠችኝና ሁልጊዜ እግሬን የምታጥብበትን ሳፋ አምጥታ ፊቴ አስቀምጣ ሄደች።

«እጅሽን አመመሽ እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ደህና ነው» አለችኝ።